ለ50ኛ ልደት ሐዋሳ፦ ለባልና ሚስት የሁለት ሌሊት ዝርዝር መመሪያ

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከአዲስ አበባም ከአዳማም ወዳጅ ዘመድ ሲደውልልኝ ጥያቄው አንድ ነው። «ባለቤቴ 50 ሊሞላት ነው። ሐዋሳ ላመጣት አስቤያለሁ፤ ምን ላድርግ?» መጥተው ሲመለሱ የምሰማው ቅሬታም ያው ነው። ጀልባው ተናወጠ፣ እሷ ፈራች። ኬኩ ቀለጠ። ዓሣው አለቀ። ደክሟቸው ተኙ።

ገንዘብ ስላነሳቸው አይደለም። አብዛኞቹ የጠዋቱን ነገር ከሰዓት ስለሚያደርጉት ነው። ሐይቁ በጠዋት ረጋ ብሎ ይተኛል። ፀሐይ ስትበረታ ነፋስ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል። ዓሣውም የሚወጣው በጠዋት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተሠራው በአንዲት ቅዳሜ ጠዋት ዙሪያ ነው። አርብ ትገባላችሁ፣ ቅዳሜ ታከብራላችሁ፣ እሑድ ትመለሳላችሁ። ለ40ኛም ለ60ኛም ልደት ያገለግላል።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ቁረጡ (ከሁለት ወር በፊት)

መጀመሪያ ልደቱ በትክክል መቼ እንደሚውል እወቁ። ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው ግን እዚሁ ላይ ይሳሳታል። ምሳሌ ልስጣችሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1968 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ የተወለደው ዲሴምበር 20 ቀን 1975 ነው። በ2018 ግን ታኅሣሥ 10 የዋለው ዲሴምበር 19 ላይ ነው። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ማግስት ከመስከረም እስከ የካቲት 20 ድረስ የአንድ ቀን ልዩነት ይመጣል። በመታወቂያው ላይ ያለው የፈረንጅ ቀን ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ግን የሚከበረው በኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ የቱን እንደምትይዙ ወስኑ። ከዚያም ሁለቱንም ቀኖች አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ወደ ሆቴል ስትደውሉ ይጠቅማችኋል።

ቀጥሎ እነዚህን አጣሩ፦

1. ጾም ነው? ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ ዐቢይ ጾም፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ከዚያ ረቡዕና አርብ። ባለልደቱ የሚጾም ከሆነ ኬኩም ምግቡም ይቀየራል። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለና እንደምታውቁ አድርጋችሁ አትለፉት። ጠይቁ።
2. ሰርግ የሚበዛበት ወቅት ነው? ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ሐዋሳ ሙሽሮች ይበዙባታል። ክፍል ይጠፋል፤ ሲገኝም ዋጋው ይወጣል።
3. በዓል አለ? ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከተማው ከየአቅጣጫው በሚመጣ ምእመን ይሞላል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላም እንዲሁ ሰው የሚበዛበት ነው። የፍቼ ቀን በየዓመቱ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ የሐዋሳ ሰው ጠይቁ። በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ግን ሳምንቱን ቀይሩ።
4. ክረምት ነው? ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አይቀርም። መምጣት ይቻላል፤ ለጀልባው ግን ቅዳሜንም እሑድንም ጠዋት ክፍት አድርጉ።

ልደቱ ማክሰኞ ላይ ከዋለ ግዴታ ማክሰኞ አትምጡ። በዕለቱ ቤት ውስጥ ቡና አፍሉና ቅዳሜ ኑ።

ደረጃ 2፦ ምን ይነገር፣ ምን ይደበቅ

ሰርፕራይዝ የሚበላሸው ጉዞውን ራሱን ስትደብቁ ነው። የማውቀው ሰው ሚስቱን «ደብረ ዘይት ምሳ እንብላ» ብሎ አስነስቶ በዚያው ሐዋሳ አመጣት። የደም ግፊት መድኃኒቷን አልያዘችም። ሹራብ የላትም፣ ቅያሪ ልብስ የላትም። የመጀመሪያው ምሽት ፋርማሲ ሲፈልጉ አለፈ። እሷ ምንም አልተናገረችም፤ ልደቷ ግን እንደዚያ ነው የጀመረው።

የ50 ዓመት ሰው ሥራ አለው፣ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ የሚወስደው መድኃኒት ይኖራል። ሴት ከሆነች ፀጉሯን መሠራት ትፈልጋለች። ስለዚህ፦

- ጉዞውን፣ ከተማውንና ቀኑን ከሦስት ሳምንት በፊት ንገሩ።
- አንድ ነገር ብቻ ደብቁ። ጀልባው ሊሆን ይችላል፣ የልጆቹ መልእክት ሊሆን ይችላል፣ ስጦታው ሊሆን ይችላል።
- የደበቃችሁትን የሚያውቅ ሌላ አንድ ሰው ይኑር። ስልካችሁ ቢጠፋ ወይም ቢዘጋ እሱ ያስፈጽማል።

ልጆች ካሉ ማን ዘንድ እንደሚያድሩ አሁኑኑ ቁረጡ። እናት ልቧ ቤት ከቀረ ሐይቁን አታየውም።

ምስጢሩ ከወጣስ? አትካዱ፣ አትቆጡም። «አዎ፣ እንሄዳለን» በሉና ሌላ ትንሽ ነገር ደብቁ።

ደረጃ 3፦ ክፍሉን ያዙ (ከስድስት ሳምንት በፊት)

ሐይቁ ዳር እንደ ኃይሌ ሪዞርትና ሌዊ ያሉ ትልልቅ ማረፊያዎች አሉ። ከተማው ውስጥ ደግሞ ዋጋቸው ቀለል ያለ ብዙ ሆቴሎች አሉ። አቅማችሁ ለአንድ ሌሊት ብቻ ሐይቅ ዳር የሚፈቅድ ከሆነ ያቺ ሌሊት የአርብ ትሁን። ቅዳሜ ጠዋት ዓይናችሁን ስትገልጡ ሐይቁ ፊታችሁ መሆን አለበት። የቅዳሜውን ሌሊት ከተማ ውስጥ ማደር ይቻላል።

በስልክ ደውላችሁ እነዚህን በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ፦

1. «ክፍሉ ሐይቁን ያያል ወይስ ግቢውን?» ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ሁሉ ክፍሉ ሐይቁን አያይም።
2. «በዚያ ቅዳሜና እሑድ ግቢው ውስጥ ሰርግ ወይም ፕሮግራም አለ?» ይህን ማንም አይጠይቅም። ሰርግ ካለ ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት ነው።
3. «መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ክፍሎቹንም ያበራል? ሙቅ ውሃስ?»
4. «አጎበር አለ?» ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ወባ አለ።
5. «ቁርስ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ከጀልባ ስትመለሱ ቁርስ ተነስቶ እንዳይጠብቃችሁ።
6. «ኬክ ከውጭ ይዞ መግባት ይቻላል? ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጡልናላችሁ?»

ቀኑን ስትናገሩ በሁለቱም አቆጣጠር ተናገሩ። ሰዓቱንም እንዲሁ። «8 ሰዓት እንገባለን» ስትሉ የኛ 8 ሰዓት ይሁን የፈረንጅ ይለይ። ቀብድ ስትከፍሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንሱ፣ የተቀበላችሁን ሰው ስም ጻፉ። ከዚያ ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት ደግማችሁ ደውሉ። ይህች ሁለተኛዋ ጥሪ ናት ሰውን ስታድን ያየኋት።

ደርሳችሁ «በስማችሁ የተያዘ ክፍል የለም» ቢሏችሁ፦ እኔ ራሴ እህቴንና ባሏን ይዤ ሄጄ ይህ ደርሶብኛል። ባለልደቱን ሎቢ ውስጥ አቁማችሁ አትከራከሩ። በረንዳ ላይ አስቀምጡ፣ ማኪያቶ ይዘዝለት። እናንተ ደረሰኙን ይዛችሁ ከኃላፊው ጋር ብቻችሁን ተነጋገሩ። በግማሽ ሰዓት ካልተፈታ ገንዘባችሁን ጠይቃችሁ ወደ ሁለተኛው ሆቴል ሂዱ። ለዚህ ነው የሁለተኛ ሆቴል ስልክ ቀድማችሁ መያዝ ያለባችሁ።

ደረጃ 4፦ ገንዘብና ሻንጣ

ወጪውን በአምስት ፖስታ ክፈሉት፦ መንገድ፣ ክፍል፣ ጀልባና ዓሣ፣ እራት፣ መጠባበቂያ። የጀልባና የዓሣው ፖስታ ጥሬ ብር ይሁን፣ ዝርዝር ብርም ይኑርበት። ኔትወርክ ሲቋረጥ ቴሌብር አይከፍልም፤ ጀልበኛው ደግሞ ለትልቅ ብር መልስ ላይኖረው ይችላል።

ሻንጣ ውስጥ የማይረሱ፦

- የሁለታችሁም መታወቂያ። የአንዱ ብቻ አይበቃም፤ ሆቴሉ የሁለቱንም ሊጠይቅ ይችላል።
- መድኃኒት፣ ከሚያስፈልገው በሁለት ቀን የበለጠ። በእጅ ቦርሳ እንጂ ከታች በሚጫን ሻንጣ አይሁን።
- ሹራብ ወይም ጋቢ። ቀኑ ይሞቃል፤ ጠዋት ጀልባ ላይ ግን ይበርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ በደንብ ይበርዳል።
- ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት።
- የማያንሸራትት ጫማ። ታኮ ያለው ጫማ ለእራት ብቻ ነው።
- ቤተ ክርስቲያን ለምትሳለሙ ነጠላ።
- የ5 እና የ0 ቁጥር ሻማ፣ ክብሪት፣ ትንሽ ቢላዋ፣ ፎጣ።

ኬኩን አትጫኑ። ክሬም ኬክ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል መኪና ውስጥ ተጉዞ ቅርጹን ይዞ አይደርስም። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሐዋሳ ውስጥ ኬክ ቤት ማዘዝ ነው። በሁለት ቀን ቀድማችሁ እዘዙ፣ ስሙን በጽሑፍ ላኩ፣ ጾም ከሆነ «የጾም» በሉ። ሁለተኛውና እኔ የምወደው ድፎ ዳቦ ነው። ሐሙስ ማታ ተጋግሮ በኮባ ቅጠል እንደተጠቀለለ ይመጣል። ሙቀት አይጎዳውም። የ50 ዓመት ሰው የእናቱ ቤት ሽታ ሲሸተው ከክሬሙ ይልቅ ደስ ይለዋል። ሻማውም ቀጥ ብሎ ይቆምበታል።

ደረጃ 5፦ መንገዱ (አርብ)

በራሳችሁ መኪና ከሆነ ከንጋቱ 12፡30 ተነሱ። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ሞጆ፣ ከዚያ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ። ከአዳማ የሚነሳም ሞጆ ላይ መንገዱን ይይዛል። ከመነሳታችሁ በፊት ያን ሳምንት የመጣ ሰው ስለመንገዱ ሁኔታ ጠይቁ። በቀን ብቻ ተጓዙ። ከጨለመ በኋላ ከብት፣ ጋሪና መብራት የሌለው ባጃጅ መንገድ ላይ ይኖራል።

ባቱ ላይ ቁሙና እግራችሁን አፍታቱ። መንገድ ዳር የሚሸጠውን ፓፓያና ቲማቲም አሁን አትግዙ። ስትመለሱ ትገዛላችሁ። ሻሸመኔ ስትደርሱ ከተማው ይጨናነቃል፤ «ደረስን» ብላችሁ አትቸኩሉ።

በአውቶቡስ ከሆነ ትኬት ከሳምንት በፊት ቁረጡ፤ ከፊት ያለ ወንበር ጠይቁ። ወገብ ለሚያመው ሰው የኋላ ወንበር ልደት አይደለም። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት በታች ነው። አቅሙ ካለ በተለይ ለ60ኛ ልደት ይህንን ምረጡ።

መኪናው ቢበላሽ ወይም መንገድ ቢዘጋ፦ ወደ ሆቴሉ ደውላችሁ «ዘግይተን እንገባለን፣ ክፍሉን እንዳትሰጡ» በሉ። ሊመሽ ከሆነ በቅርባችሁ ያለ ከተማ እደሩ። የቅዳሜው ዕቅድ ሳይነካ ወደ እሑድ ጠዋት ይዛወራል።

ደረጃ 6፦ የአርብ ምሽት ለዝግጅት ነው

ገብታችሁ እረፉ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ወደ ፍቅር ሐይቅ ውጡ። ከተሜው የሚናፈስበት የሐይቁ ዳር መንገድ ነው። ባለልደቱ ቡና ሲጠጣ ሌላችሁ ጀልበኛ ፈልጉ። የመጀመሪያውን ሰው አትያዙ። መጀመሪያ የሆቴሉን ጥበቃና የባጃጅ ሹፌር «ለአንድ ጀልባ ስንት ነው የሚከፈለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጀልበኛውን እነዚህን አስረግጣችሁ ጠይቁ፦

1. ዋጋው ለጀልባው በሙሉ ነው ወይስ በሰው?
2. ለስንት ሰዓት ነው? ጉማሬ እስከሚታይበት ድረስ ነው?
3. ሁለት ብቻችንን ነን ወይስ ሌላ ሰው ይጨመራል?
4. የሕይወት አድን ጃኬት አለ? አሁን አሳየኝ። ማሰሪያው መቆለፉን በእጃችሁ ሞክሩ።
5. ሞተሩ ቢቆም መቅዘፊያ አለ?

ቀጠሮውን «ነገ ከንጋቱ 1 ሰዓት» በሉ፤ ስልኩን ያዙ፣ ስልካችሁን ስጡ። ትንሽ ቀብድ ይበቃል። ቀሪው ስትመለሱ ነው። ሙሉውን ቀድሞ ለሚጠይቅ ሌላ ጀልበኛ ፈልጉ።

እራት ቀለል ያለ ይሁን። ጥሬ ሥጋ የዚያን ምሽት ይቅር። 3 ሰዓት ላይ ተኙ። ከመኝታ በፊት ጨለማው ውስጥ ሐይቁ ዳር አትንሸራሸሩ። ጉማሬ ሳር ሊግጥ በሌሊት ወደ መሬት ይወጣል።

ደረጃ 7፦ ቅዳሜ ጠዋት

ሌላው ሁሉ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ።

12፡00፦ ተነሱ። «እንኳን ለዚህ አደረሰህ» ወይም «አደረሰሽ» በመጀመሪያ ከእናንተ ይስማ። ስልኩን ከማየቱ በፊት። የፌስቡክና የቴሌግራም መልእክት ይቆያል። ቤተ ክርስቲያን መሳለም የምትፈልጉ በአንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተነሱና ኪዳን አድርሳችሁ ኑ።

12፡20፦ ጀልበኛው ጋ ደውሉ። ካላነሳ በአስር ደቂቃ ድገሙ። እምቢ ካለ በእግር ሂዱ፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ጀልባ አይጠፋም።

12፡30፦ ቡና ወይም ሻይ ከአንድ ቁራሽ ዳቦ ጋር። ባዶ ሆድም ሙሉ ሆድም ጀልባ ላይ ያቅለሸልሻል። የመኪና ጉዞ የሚያስታውከው ሰው ከሆነ የማቅለሽለሽ መከላከያ ኪኒን ከመሳፈሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ይውሰድ። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ፋርማሲስት ሳያማክር አይውሰደው።

12፡50፦ ዳር ላይ ውሃውን እዩ። ረግቶ ከሆነ ግቡ። ነጭ አረፋ የያዘ ማዕበል ካያችሁ አትግቡ፤ ጀልበኛው «ችግር የለም» ቢልም። እሱ በየቀኑ ይነዳል። እናንተ ለልደት ነው የመጣችሁት።

1፡00፦ ተሳፈሩ። ጃኬቱን ልበሱ፣ ቆልፉ። ባለልደቱ መጀመሪያ ይግባ፤ ጀልባው መሃል፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ይቀመጥ። ከተሳፈራችሁ በኋላ አትቁሙ። ለፎቶም ቢሆን አትቁሙ። ስልካችሁን በገመድ አንገት ላይ አስሩት።

ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ጉማሬዎቹ ይታያሉ። ጀልበኛውን «ጠጋ በል» አትበሉት። ብዙ ሰው ለቪዲዮ ሲል ይህን ይላል፤ ልባዊ ምክሬን ስሙኝ፣ አትበሉ። ጉማሬ ከነግልገሉ ሲሆን ወይም ወደ ጥልቁ ውሃ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋበት ያጠቃል። ከሩቅ ጆሮውንና አፍንጫውን ማየት ይበቃል። ይልቁንስ ሞተሩን አስጠፉና ለአምስት ደቂቃ ዝም በሉ። የወፍ ድምፅ አለ፣ የዓሣ አጥማጆች ንግግር በውሃው ላይ ይመጣል። የደበቃችሁት ስጦታ ትንሽ ከሆነ የሚሰጠው እዚህ ነው። ቀለበት ከሆነ ግን አይሆንም፤ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ አይቼ አውቃለሁ። ደብዳቤ ይሻላል። ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

ችግር ሲገጥም፦

- *ፈራች / ፈራ።* «ምንም አይደለም» እያላችሁ አታስቀጥሉ። ጀልበኛውን «ወደ ዳር፣ በዝግታ» በሉት። ዳር ዳሩን መሄድም ይቻላል።
- *ነፋስ ተነሳ።* ወዲያው ተመለሱ። ለከፈላችሁት ገንዘብ አትሳሱ።
- *ሞተር ቆመ።* ተቀምጣችሁ ቆዩ። ጠዋት ላይ ሌላ ጀልባ በአቅራቢያ አለ፤ ጀልበኛው ይጠራል።
- *እግር ውሃ ነካ።* ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ በሽታው የሚተላለፈው ቀንድ አውጣ ካለበት ውሃ ነው። ወዲያው በፎጣ አጥብቃችሁ አሽታችሁ አድርቁ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። በዚሁ ምክንያት ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ። መዋኘት ያማረው ሰው የሆቴሉ ገንዳ አለ፣ በመንገድም ላንጋኖ አለ።

2፡15፦ አሞራ ገደል። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን የሚያራግፉት እዚህ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ስትመጡ የምታገኙት የተራረፈውን ነው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ምረጡ፤ ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው። ዓይኑ ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ይሁን። እዚያ የሚሠሩት ልጆች ዓይናችሁ እያየ ይበልቱታል፤ ዋጋውን ከመበለቱ በፊት ጨርሱ።

ጥሬውን በዳጣ (በሚያቃጥል ማባያ) የሚበሉ ሰዎች ታያላችሁ። ለሐዋሳ ልጅ የተለመደ ነው። እናንተ ግን የመልስ መንገድ አለባችሁ፤ ጥሬ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። በደንብ የተጠበሰ ወይም ሾርባ እዘዙ። ዳጣው ለብቻው በትንሽ ሳህን ይምጣ፤ በጣም ያቃጥላል።

አባ ኮዳዎቹ ትልልቅ ወፎች ናቸው፤ ሰው ስለለመዱ አጠገባችሁ ይቆማሉ። ፎቶ አንሱ፣ በእጅ አታጉርሱ። እነሱ ያረፉበት ዛፍ ሥር አትቀመጡ። ልብሳችሁ ይበላሻል። ጦጣዎችም አሉ። ሙዝ ወይም ዳቦ በእጅ ይዞ መሄድ ማለት ለእነሱ መስጠት ነው፤ ቦርሳችሁን ዝጉ።

ደረጃ 8፦ ሻማው የት ይብራ?

ሐይቅ ዳር አይደለም። ነፋሱ ያጠፋዋል፤ ሁለቴ ሦስቴ ሲለኮስ ሰው ያፍራል። ሆቴላችሁ በረንዳ ላይ፣ ግድግዳ በሚከልልበት በኩል፣ ወይም ክፍል ውስጥ ከ5 ሰዓት በፊት አብሩ። የልጆቹን ስልክ በዚያ ሰዓት ቅጠሩ። ሁሉም በየተራ ሳይሆን አንድ ላይ አንድ ቤት ሆነው ይደውሉ። የምስል ጥሪ ካልሠራ በድምፅ ብቻ ይሁን። ኔትወርክ ጨርሶ ቢጠፋ ብላችሁ ደግሞ ልጆቹ ከሁለት ቀን በፊት ቀድተው የላኩት ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ወርዶ ይጠብቅ።

አስተናጋጆች ከበው እንዲዘፍኑ ማድረግ ሁሉን ሰው ደስ አያሰኝም። ዓይን አፋር ለሆነ ሰው ሥቃይ ነው። አስቀድማችሁ «አትዘምሩ» ወይም «ዘምሩ» ብላችሁ ንገሯቸው።

ድፎውን የሚቆርሰው ባለልደቱ ነው። ለጥበቃውም፣ ክፍል ለምታጸዳውም፣ ለጀልበኛውም ቁራሽ ላኩ። ምርቃታቸውን ተቀበሉ።

ደረጃ 9፦ ከሰዓትና ማታ

ከ6 እስከ 10 ሰዓት ተኙ፣ አውሩ፣ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሌላ ቦታ አትጨምሩ። ከ10፡30 በኋላ ጉልበት ያለው ታቦር ተራራ ይውጣ። አጭር ነው፤ ግን ዳገት ነው። ከላይ ሐይቁና ከተማው አንድ ላይ ይታያል። ሳይጨልም ውረዱ፤ ብቻችሁን ሳይሆን የአካባቢ ልጅ ይዛችሁ ውጡ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ባጃጅ ይዞ ፍቅር ሐይቅ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ይይ። ፀሐይዋ የምትጠልቀው በሐይቁ ማዶ ነው፤ ከዳር ወንበርም በደንብ ይታያል።

ለእራት ጾም ካልሆነ ቡርሳሜ ጠይቁ። ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራ የሲዳማ ምግብ ነው፤ በሸክላ ይቀርባል፣ ከእርጎ ጋር ይበላል። ከባድ ስለሆነ ለሁለት አንድ ይበቃል። ቅቤ የተከለከለ ሰው ይቅመስ እንጂ አይጥገብ። ሁሉም ቤት ሁልጊዜ አያዘጋጀውም፤ ጠዋት ደውላችሁ እዘዙ።

ደረጃ 10፦ እሑድ

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባው ካልተሳካ ዛሬ ጠዋት ድገሙት። ከተሳካ ቁርሳችሁን ተረጋግታችሁ ብሉ። ሒሳቡን ስትዘጉ ደረሰኙን መስመር በመስመር አንብቡ፤ ቀብዱ መቀነሱን እዩ። ፍሪጅ ውስጥ የቀረ ነገር፣ ቻርጀር፣ መድኃኒት፣ መታወቂያ ፈትሹ። መታወቂያ ሪሴፕሽን ላይ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

የሲዳማ ቡና ጥሬውን ገዝታችሁ ሂዱ። ከ5 ሰዓት በፊት ውጡ፤ ሳይመሽ ቤት ትገባላችሁ። ባቱ ላይ ፓፓያውን ግዙ፤ ያልበሰለውን ምረጡ፣ ቤት ይበስላል። የተረፈውን ድፎ ለልጆቹ አትርሱ። ማታ በዚያ ቡና ላይ ይቆረሳል።